ሴንት ጆን በኦገስት? ቀኑን ቀይሩ፣ መኪና ያዙ፣ በጀልባ ድንበር አትሻገሩ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ከኦገስት 9 እስከ 16 ድረስ ለእረፍት ወደ ሴንት ጆን፣ ከአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ወደ አንዷ፣ ለመሄድ አስበናል። ኮራል ቤይ የሚባል ሰፈር ርካሽ ቤት አግኝተናል፤ ቀብዱ ግን አይመለስም ተብለናል። እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። ባለቤቴ ግሪን ካርድ አለው፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ግን ጊዜው አልፏል። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፤ ከአዲስ አበባ በቱሪስት ቪዛ መጥታ እኛ ጋ ናት። ወንድሜ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ እየጠበቀ ነው፣ የሥራ ፈቃድ አለው። ልጆቼ 5 እና 9 ዓመታቸው ነው። ደሴቷ ትንሽ ስለሆነች መኪና አያስፈልገንም ብለናል። አንድ ቀን ደግሞ በጀልባ ወደ ጆስት ቫን ዳይክ ተሻግረን መዋል እንፈልጋለን። ቪዛ ያስፈልገናል? አውሎ ነፋስስ ያሰጋል? እናቴ ፍልሰታን ስለምትጾም እዚያ ምን ትበላለች?»

መልስ፦ የደሴቷ ምርጫ ጥሩ ነው። ቀኑ፣ ቤቱ፣ ያለ መኪና መኖሩና የጀልባው ጉዞ ግን አራቱም መቀየር አለባቸው። ከአራቱ ገንዘብ ብቻ የሚያስከፍሉ አሉ፤ አንዱ ግን ወንድምዎን ጉዳዩን ሊያሳጣው ስለሚችል ከወረቀቱ እጀምራለሁ።

ሴንት ጆን፣ ሴንት ቶማስና ሴንት ክሮይ አሜሪካ በ1917 ከዴንማርክ በ25 ሚሊዮን ዶላር የገዛቻቸው ግዛቶቿ ናቸው። ስለዚህ ከባልቲሞር ወይም ከደለስ ተነስቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከአሜሪካ አልወጣም፤ ቪዛ የሚባል ነገርም የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «እንግዲያው እንደ ፍሎሪዳ ነው» ብሎ ሲደመድም ነው። ሲሄዱ እንደ ፍሎሪዳ ነው፤ ሲመለሱ አይደለም። ሴንት ቶማስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወደ ዋናው ምድር ከመሳፈርዎ በፊት በጉምሩክና በድንበር ጠባቂ መኮንን ፊት ያልፋሉ። ዜጋው ዜግነቱን፣ ዜጋ ያልሆነው በምን ሁኔታ አሜሪካ እንዳለ ያሳያል።

ለእርስዎና ለልጆቹ ፓስፖርት ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ለባለቤትዎ ያለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርት እንቅፋት አይሆንም፤ የሚጠየቀው ግሪን ካርዱን ነው። ካርዱ ራሱ ጊዜው ካለፈና እድሳት ካስገባ ግን የማራዘሚያ ደብዳቤውን ዋናውን ይያዝ፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። እናትዎ ፓስፖርታቸውን ከነቪዛው፣ ከዚያም የመግቢያ መዝገባቸውን (አይ-94) ከድረ ገጹ አትመው ይያዙላቸው። ደሴቷ ላይ የሚያድሩት ቀን ከተፈቀደላቸው የቆይታ ጊዜ ላይ እንደማንኛውም ቀን ይቆጠራል። ቆይታቸው አልፎ ማራዘሚያ እየጠበቁ ከሆነ ግን ቀጥሎ ስለ ወንድምዎ የምለው ለእሳቸውም ይሠራል።

የወንድምዎ ነገር ለየት ይላል። የሥራ ፈቃዱ ካርድ አውሮፕላን ላይ ለመሳፈር የሚያስችል መታወቂያ ነው፤ ስለዚህ ሲሄድ ማንም አያስቆመው ይሆናል። ሲመለስ ግን የኢሚግሬሽን ሕጉ ከእነዚህ ደሴቶች ወደ ዋናው ምድር የሚሄድን የውጭ አገር ዜጋ የመግባት ብቃት እንደገና ለመመርመር ለመኮንኑ ሥልጣን ይሰጠዋል። ጉዳዩ ያልተወሰነለት ሰው ለአንድ ሳምንት የባሕር ዳርቻ ሲል በዚያ መስኮት ፊት መቆም የለበትም። ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ «ሂድ» ብሎ በጽሑፍ ካልሰጠው በስተቀር ይቅር። የጓደኛ «እኔም ሄጄ ተመልሻለሁ» ማስረጃ አይሆንም፤ የእያንዳንዱ ሰው ፋይል የተለየ ነው።

ጆስት ቫን ዳይክ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ከሴንት ጆን ሰሜን ዳርቻ ሲያዩት ቅርብ ነው፤ በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ነው። ግን የብሪታንያ ግዛት ነው፤ ግሬት ሃርበር ላይ የራሱ ኢሚግሬሽን አለው፤ ሲመለሱም በሴንት ጆን ወደብ በክሩዝ ቤይ ላይ ከውጭ አገር እንደመጣ ሰው ነው የሚፈተሹት። ጀልባ የሚያከራየው ሰው «ፓስፖርት ብቻ ይዛችሁ ኑ» የሚለው የአሜሪካ ፓስፖርት በአእምሮው ይዞ ነው። ወንድምዎ ያቺን ጠባብ ባሕር ያለ አድቫንስ ፓሮል (ከአገር ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ከተሻገረ የጥገኝነት ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል። እናትዎ ቪዛቸው የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ መመለሻ የላቸውም። ባለቤትዎ የጸና ፓስፖርት ስለሌለው ከመነሻውም አይሳፈርም፤ ግሪን ካርድ ለብሪታንያው መኮንን ፓስፖርት አይደለም። ይህን ጉዞ ከእቅዱ ይሰርዙት። በጀልባ መዋል ካማራችሁ በአሜሪካ ውኃ ውስጥ ብቻ የሚቆይ የግማሽ ቀን ጉዞ ይጠይቁ፤ ሲከራዩም «የብሪታንያን ድንበር አትሻገርም አይደል?» ብለው በግልጽ ያረጋግጡ።

አሁን ወደ ቀኑ። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው ሲባል ስድስቱም ወር እኩል አደገኛ ይመስላል፤ አይደለም። ለሰሜን ምሥራቅ ካሪቢያን ከባዱ ጊዜ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ያለው ነው፤ ጣሪያው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። ምክንያቱም ይታወቃል። ከአፍሪካ ምሥራቅ፣ ከእኛው ደጋማ አገርና ከዳርፉር ተራሮች አካባቢ፣ በአገር ቤት ክረምት እየተነሱ ወደ ምዕራብ የሚጓዙ የአየር ሞገዶች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወጥተው አትላንቲክ ላይ ሲደርሱ ወደ አውሎ ነፋስ ያድጋሉ። ለማደግ ግን ከ26 ዲግሪ በላይ የሞቀ ባሕርና ከላይ የተረጋጋ ነፋስ ይፈልጋሉ። በጁንና በጁላይ ከሰሃራ የሚነሳው ደረቅ አቧራ ብዙዎቹን ያፍናቸዋል። ኦገስት ሲጋመስ አቧራው ይሳሳል፣ ባሕሩም ሞቆ ይጠብቃቸዋል። ኢርማ ሴንት ጆንን የመታችው ሴፕቴምበር 6 ቀን 2017 ነው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማሪያ ተከተለች። ደሴቷ ለወራት ያለ መብራት ቆይታለች።

ይህን የምለው ኦገስት 9 ላይ አውሎ ነፋስ ይመጣል ለማለት አይደለም፤ በአንድ የተወሰነ ሳምንት የመምጣቱ ዕድል ትንሽ ነው። ችግሩ የማይመለሰው ቀብድ ነው። አየር መንገዶች ማዕበል ሲታወጅ ብዙውን ጊዜ ያለ ቅጣት ቀን ይቀይራሉ፤ የቤት አከራይ ግን ውሉ ላይ የጻፈውን ብቻ ነው የሚያደርገው። «ኢንሹራንስ እገዛለሁ» ካሉም ሁለት ነገር ይወቁ። ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ለዚያ ማዕበል አይከፍልም፤ ለማውቀው አደጋ ገዛህ ይባላሉ። «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚለው ዓይነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ከከፈሉበት ቀን ጀምሮ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ መገዛት አለበት፤ የሚመልሰውም ሙሉውን ሳይሆን ከ50 እስከ 75 በመቶውን ነው።

ስለዚህ ቀኑን ወደ ፊት ያምጡት፦ ከጁላይ 12 እስከ 26 ካለው ጊዜ አንዱን ሳምንት ይያዙ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የአሜሪካ በጋ ቅናሽ የቤት ኪራይም እንደ ኦገስት ሁሉ ይሠራል፤ ውዱ ወቅት ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ያለው ነው። የሴንት ጆን ካርኒቫል የሚያልቀው ጁላይ 4 ላይ ስለሆነ ወደ ደሴቷ የሚያሻግረው ፌሪ (የመንገደኛ ጀልባ) ግፊያም ጋብ ብሏል። ለእናትዎ ደግሞ ጁላይ 12 ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቀን ነው፤ የሰኔ ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ እስኪገባ፣ ማለትም እስከ ኦገስት 7፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ፍስክ ነው። እርስዎ በመረጡት ሳምንት ቢሄዱ ግን ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው የምትደርሱት። እኔ ብሆን ለዚህ ብቻ እንኳ ቀኑን እቀይር ነበር። የጁላይ ጉድለቱ ያው የሰሃራ አቧራ ነው፤ ሰማዩን አንዳንድ ቀን ጭጋግ ያስመስለዋል። አስም ያለበት ሰው ካለ የሚነፋውን መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ይያዝ።

ስለ ቤቱ። ኮራል ቤይ ርካሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሴንት ጆን ስፋቷ 50 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በካርታ ላይ ሲያዩዋት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በእግር የሚኬድ ይመስላል። ግን ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ ናት፤ ከፍተኛው ቦታዋ ቦርዶ ተራራ 390 ሜትር ያህል ነው። ፌሪው የሚቆመው፣ ገበያውም ያለው በምዕራብ ጫፍ ክሩዝ ቤይ ነው። ኮራል ቤይ በሌላኛው ወገን ነው፤ በተራራው ጀርባ ላይ በሚጠማዘዘው ሴንተርላይን መንገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሕዝብ የሚጭን አውቶቡስ በዚህ መንገድ ይመላለሳል፤ ሰዓቱን ግን አምኖ ቀን ማቀድ አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋና ዋናዎቹ የባሕር ዳርቻዎች ባሉበት የሰሜን መንገድ ላይ አይሄድም። «ሳፋሪ» የሚባሉት ጎናቸው ክፍት የሆኑ ታክሲዎች የሚሰለፉት ክሩዝ ቤይ መርከብ ማቆሚያው አጠገብ ነው፤ ኮራል ቤይ ተራራ ላይ ሆነው ደውለው ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ሒሳባቸውም በሰው ነው እንጂ በመኪና አይደለም፤ ለአምስት ሰው ደርሶ መልስ ሲባዛ በሁለት ቀን የመኪና ኪራይ ይሆናል።

የኮራል ቤይ ሁለተኛው ነገር ሳርጋሰም ነው፦ በባሕር ላይ ተንሳፍፎ የሚመጣ ቡናማ አረም። በጸደይና በበጋ ነፋሱ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ዳርቻዎች ይገፋዋል፤ ኮራል ቤይ በትክክል እዚያ ናት። አረሙ ዳር ላይ ሲበሰብስ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል፤ የብር ጌጥን እንኳ ያጠቁራል፣ የእናትዎን የአንገት መስቀል ጨምሮ። የሰሜን ዳርቻ ባብዛኛው ከዚህ ይተርፋል።

ስለዚህ ቤቱን ክሩዝ ቤይ ወይም ከዚያ በመኪና አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ይፈልጉ። ከአከራዩ ጋር ሲጻጻፉ ፎቶው የማያሳየውን ይጠይቁ፦ ከመኪና ማቆሚያው እስከ መኝታ ቤት ስንት ደረጃ አለ? የእዚያ ቤቶች ገደል ላይ ስለተሠሩ 40 እና 50 ደረጃ የተለመደ ነው፤ ለሚያም ጉልበት ደግሞ በቀን አራት ጊዜ መውጣት መውረድ ማለት ነው። መግቢያው አስፋልት ነው ወይስ አፈር? አየር ማቀዝቀዣው ሁሉም ክፍል አለ ወይስ መኝታ ቤት ብቻ? መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር አለ? መብራት ይጠፋል፤ ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ግን እዚያ መብራት ሲጠፋ የውኃ መሳቢያውም አብሮ ይቆማል። የየቤቱ ውኃ ከጣሪያ ላይ ተሰብስቦ ከወለሉ ሥር ባለ ጋን የሚጠራቀም የዝናብ ውኃ ነው። ጋኑ ከደረቀ በቦቴ ይገዛል፤ አንዳንድ አከራይ ይህንን ከእንግዳው ይጠይቃል። ለመጠጥ የታሸገ ወይም የተጣራ ይጠቀሙ፤ ልጆቹን ደግሞ ሻወር ውስጥ ውኃ ከፍተው እንዳይጫወቱ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው። በኪራዩ ላይ 12.5 በመቶ የመንግሥት ታክስ ይጨመራል፤ የተጻፈው ዋጋ ይህን ማካተቱን ይዩ።

መኪናው የግድ ነው። ሴንት ጆን ላይ አውሮፕላን ማረፊያ የለም። ሴንት ቶማስ ያርፋሉ፣ በታክሲ ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ተጉዘው ሬድ ሁክ ይደርሳሉ፣ ከዚያ በየሰዓቱ በሚነሳ ፌሪ 20 ደቂቃ ነው። ለአዋቂ 8 ዶላር ገደማ ነው፣ ለሻንጣ ለየብቻ ይከፈላል። ሴንት ቶማስ ላይ መኪና ተከራይቶ በባርጅ (መኪና በሚጭን ጠፍጣፋ ጀልባ) ማሻገር ይቻላል፤ ኪራዩ ቀነስ ይላል፣ ባርጁ ግን ለደርሶ መልስ ለብቻው ያስከፍላል፣ ተራውም ሰዓት ይበላል፣ መኪናው እንዳይሻገር የሚከለክሉ አከራዮችም አሉ። ሁለት ልጅና አንድ እናት ይዞ በፀሐይ መሰለፍ አያዋጣም። ክሩዝ ቤይ ላይ ካለ አከራይ ይያዙ፤ በቀን ከ100 ዶላር በላይ ያስቡ።

ፎቶ የሚያምርበት ባለ አራት በር ጂፕ የኋላ ወንበሩ ለሦስት ጠባብ ነው፤ ሁለት የልጅ መቀመጫ ከገባ እናትዎ መሐል ይጨነቃሉ። ባለ ሦስት ረድፍ መኪና ይጠይቁ፣ ፎር ዊል ድራይቭ መሆኑንም ያረጋግጡ። የልጆቹን መቀመጫ ከቤት ይዘው ይሂዱ፤ አየር መንገዶቹ ያለ ክፍያ ይጭኑታል፣ ሳፋሪ ታክሲ ላይ ግን ማሰሪያ ቀበቶም የለም።

የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ መሪው ግን እንደ ሜሪላንዱ በግራ ነው። ይህ ማለት ሾፌሩ የሚቀመጠው በመንገዱ ጠርዝ በኩል ነው፤ የመሐል መስመሩን ከቀኝ ትከሻው በላይ ነው የሚገምተው። የመጀመሪያው ቀን ስህተት የሚመጣው ቀጥታ መንገድ ላይ ሳይሆን ከመኪና ማቆሚያ ሲወጡ ነው፤ እጅ በልማዱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አጠገብ ያለው ሰው ጮክ ብሎ «ግራ» ይበል፤ ያሳፍራል፣ ግን ይሠራል። ዳገቱን ሲወርዱ ፍሬን ላይ ከመቆም ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ጥምዝ ላይ ከመድረስዎ በፊት ጡሩምባ ይንፉ። ፍየልና አህያ መንገድ ላይ ይተኛል፤ ይህንን እንኳ ከአገር ቤት ለምደነዋል። ሲመሽ ግን መብራት የለም። ስለዚህ በረራው ሴንት ቶማስ ላይ በሐበሻ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት የሚያርፍ ይሁን፤ ወደማያውቁት ገደል ላይ ያለ ቤት በጨለማ፣ በማያውቁት ወገን፣ ደክሞ መንዳት የለም።

ደሴቷን ሙሉ አንድ ሳምንት የሚያስወድዳት ብሔራዊ ፓርኩ ነው። በ1956 ላውራንስ ሮክፌለር በሰጠው መሬት ተቋቁሞ አሁን ከደሴቷ ግማሹን በላይ ይሸፍናል፤ በሰሜን ዳርቻ በረድፍ ሆቴል የማያዩት ለዚህ ነው። ለእናንተ የሚስማማው ማሆ ቤይ ነው። መንገዱ ከአሸዋው ጋር ስለሚገናኝ እናትዎ ከመኪና ወርደው ጥቂት እርምጃ ብቻ ይሄዳሉ፤ ውኃው ጥልቀቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው፣ የባሕር ኤሊዎችም ሣር ሊግጡ ይመጣሉ። መኪና ማቆሚያው ግን በሐበሻ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ ይሞላል። ኤሊን መንካትም ማባረርም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፤ ለመተንፈስ ብቅ ሲል መንገዱን አይዝጉበት።

ትረንክ ቤይ በፎቶ የምታውቁት እሱ ነው፤ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው 5 ዶላር ይከፈላል፣ 225 ያርድ የሚሆን ከውኃ በታች ጽሑፍ የተተከለበት መንገድም አለው። ለዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ጥሩ ነው፤ ለአምስት ዓመቱ አይደለም። ሴንት ቶማስ ላይ የመርከብ ጎብኚ ባለበት ቀን ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይጨናነቃል፤ ከዚያ በፊት ወይም ከ9 ሰዓት በኋላ ይሂዱ። የዋና መነጽሩን ሜሪላንድ ሳሉ በልጆቹ ፊት ላይ ይለኩት፦ ማሰሪያውን ሳያደርጉ ፊት ላይ ገጥመው በአፍንጫ ወደ ውስጥ ሲተነፍሱ ተጣብቆ ከቀረ ልኩ ነው፤ ከወደቀ ውኃ ያስገባል። ልጅ ባሕርን የሚጠላው አብዛኛውን ጊዜ መነጽሩ ውኃ ስላስገባበት ነው።

ሁለት ነገር ሻንጣ ሳይታሰር ይታወቅ። ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴት ወይም ኦክቶክራይሊን ያለበት የፀሐይ ቅባት ዛጎል ድንጋዩን ስለሚጎዳ ከ2020 ጀምሮ በግዛቱ በሕግ ታግዷል። ዚንክ ኦክሳይድ ያለውን ይግዙ፤ ፊት ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ አመድ የተቀቡ ያስመስላል፤ ስለዚህ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ሸሚዝ አልብሰው ቅባቱን ለፊትና ለአንገት ብቻ ያድርጉት። ሁለተኛው ማንቺኒል የሚባለው ዛፍ ነው። ባሕር ዳር ይበቅላል፣ ትንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስል ፍሬ ያፈራል፤ ፍሬው መርዝ ነው፣ ነጭ ወተቱ ቆዳን ያቃጥላል። ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ መጠለል ራሱ ያቆስላል፤ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውኃ ወተቱን ይዞ ይወርዳል። ልጆቹ ባሕር ዳር ያገኙትን ፍሬ ምንም ይሁን ምን እንዳይነኩ ይንገሯቸው።

አንድ ቀን ከባሕሩ ውጭ አናበርግን እዩ። የስኳር ተክል ፍርስራሽ ነው፤ የነፋስ ወፍጮው ማማ አሁንም ቆሟል፣ መንገዱም አጭር ነው። በኖቬምበር 1733 በባርነት የነበሩ የአክዋሙ አፍሪካውያን ኮራል ቤይ ላይ የነበረውን የዴንማርክ ምሽግ ይዘው የደሴቷን ብዙ ክፍል ለወራት ተቆጣጥረው ነበር፤ ያሸነፋቸው ከማርቲኒክ የመጣ የፈረንሳይ ጦር ነው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ከመሄዱ በፊት መንገር ድንጋዩን ከድንጋይነት ያወጣዋል። ስልኮቻችሁን ደግሞ እዚያ ሰሜን ዳርቻ ላይ ተጠንቀቁ፦ ከማዶ የብሪታንያ ደሴቶች ማማ ስለሚጠልፋቸው ሳያውቁት የውጭ አገር ሮሚንግ ይቆጥራል። ደሴቷ ላይ እንደረገጡ ሮሚንጉን ይዝጉት ወይም ኔትወርኩን በእጅ ይምረጡ።

ምግብ። ጁላይ ከሄዳችሁ የእናትዎ ጉዳይ የረቡዕና የዓርብ ነው፤ ኦገስት ካላችሁ ግን ሳምንቱን ሙሉ ነው። የአገሩ ዋና ምግብ ዓሣና «ፈንጂ» ነው፤ ስሙ አያስደንግጥዎ፣ ፈንጂ ከበቆሎ ዱቄትና ከባሚያ የሚገነፋ ገንፎ ነው፣ እናትዎ ሲያዩት ያውቁታል። ብዙ ጊዜ ቅቤ ስለሚገባበት ግን «ያለ ቅቤ» ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። ካላሉ የሚባለው የቅጠል ሾርባ አትክልት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሥጋ፣ ዓሣ ወይም ሸርጣን አለ። አስተማማኙ ቃል «አይታል» ነው፦ ራስ ተፈሪያን ሥጋም ወተትም ሳያስገቡ የሚሠሩት ምግብ ነው። ጨው አይጨምሩበት ይሆናል፣ ከቤት ሚጥሚጣ ይያዙ።

ቀሪውን ጭናችሁ ሂዱ። የደሴቷ ሱፐርማርኬት ሁሉ ነገሩ በመርከብ ሴንት ቶማስ ወርዶ እንደገና በባርጅ ስለሚሻገር ዋጋው ያስደነግጣል። ለአምስት ሰው ለሳምንት 1.5 ኪሎ ሽሮ፣ 1.5 ኪሎ ምስር፣ 300 ግራም በርበሬና አንድ ከረጢት ድርቆሽ ይበቃል። ዱቄት ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ይሁን፤ ከ350 ሚሊ ሊትር የበለጠ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከያዙ ፍተሻው ላይ ያስቆማል። እንጀራ ከወሰዳችሁ አምስት አምስት አድርጋችሁ አሽጉት፣ እንደደረሳችሁም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፤ በዚያ እርጥበት ሁለት ቀን ሳይሞላ ይሻግታል። ስትመለሱ ግን ማንጎም ሆነ ሌላ ትኩስ ፍሬ አትያዙ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የግብርና ፍተሻ አለ።

ለእናትዎ ጤና፦ ሴንት ጆን ላይ ያለው ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው፤ ከባድ ሕመም በጀልባ ወደ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ይሻገራል። የጎብኚ የጤና ኢንሹራንሳቸው ቨርጂን ደሴቶችን የሚሸፍን መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ «አሜሪካን ይሸፍናል» የሚል መልስ አይበቃም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካላቸው ከሳምንቱ ላይ የአምስት ቀን ትርፍ ይጨምሩ።

ኦገስትን መቀየር ጨርሶ ካልተቻለ፣ ከአውሎ ነፋሱ መንገድ ወደ ደቡብ ገለል ያሉት አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳዎ ይሻላሉ። እነሱ ግን የሆላንድ ናቸው፤ ያለ ጸና ፓስፖርት አይገባባቸውም፣ ስለዚህ ባለቤትዎ ፓስፖርቱን ሳያሳድስ አይታሰብም፣ ወንድምዎም ፈጽሞ።

ቀብዱን አይላኩ። መጀመሪያ ለጁላይ ሳምንት ክሩዝ ቤይ ላይ መኪናውን ይያዙ፤ ደሴቷ ላይ ከቤት ቀድሞ የሚያልቀው መኪና ነው፣ ብዙ አከራዮችም መኪናን ያለ ቅጣት ይሰርዛሉ። ቀጥሎ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት የሚያርፈውን በረራ ይግዙ። ከዚያ ስለ ማዕበል መሰረዝ ውሉ ላይ የጻፈ አከራይ ያለበትን ቤት። ኢንሹራንሱንም መጀመሪያ ገንዘብ ከከፈሉበት ቀን ቆጥረው በ14 ቀን ውስጥ ይግዙ።